ቆጮ የሚሸተው ማንዶሊን

ጋሽ ወልደአማኑኤልን የሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰው ሁሉ የዋህ ይላቸዋል። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ክረምት ከበጋ ያችኑ ግራጫ ኮት የሚለብሱ፣ ትልቅ ትንሹን ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም የሚሉ ሰው ናቸው። የዋህ መሆናቸውን እኔም አልክድም። ግን የዋህ ሰው ቂም የለውም ያለ ማነው? ጯሂ ሰው ቂሙን በጩኸቱ ይጨርሰዋል። የሚያስቀምጠው ዝምተኛው ነው፤ ያውም ሳያበላሽ።

እኔ ኑሪ እባላለሁ። መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ጊታርና ኪቦርድም ያመጡልኛል። በዚህ ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰውን የምታውቀው በሰላምታው ሳይሆን «ጠግንልኝ» ብሎ ይዞት በሚመጣው ዕቃ መሆኑን ነው። ስለ ይቅርታ የመስበክ ሞራል ደግሞ የለኝም። አምና «ኑሪ ሥራ አይችልም» እያለ ስሜን ሲያጠፋ የከረመ ሰውዬ ዘንድሮ ቴሌቪዥኑን በፀሐይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ጠረጴዛዬ ባዶ መሆኑን በዓይኑ እያየ «ሥራ ሞልቶብኛል» ብዬ መልሼዋለሁ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የጋሽ ወልደአማኑኤልን ነገር የማወራችሁ እንግዲህ ከእሳቸው ወገን ሆኜ ነው፤ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ጠዋት በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። አንሶላውን ሲፈቱት ሱቄ በቆጮ ሽታ ተሞላ። ቆጮ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሽታውን አልጠላውም። ከአንሶላው ውስጥ የወጣው ግን ማንዶሊን ነበር። ሆዱ እንደ ቅል ክብ ሆኖ ፊቱ በዕድሜ የጠቆረ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የማታገኙት ዓይነት። እንጨቱ አንዳንድ ቦታ ላይ ከመላቀቁ በቀር ደህና ነው። ብረቱ ግን አልቆለታል። ክሩን የሚወጥሩትን ስምንት ቁልፎች ዝገት ጨርሷቸዋል። በጣቴ ብነካቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር ምን አገኘው?» አልኳቸው።

«ተቀብሮ ነበር» አሉኝ። «የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊታቸውን አየሁና ዋጥኩት።

«እስከ ሐምሌ አሥራ ሦስት መጮህ አለበት» አሉ።

«ሠርግ አለብዎት?»

«የሚዋረድ ሰው አለኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከእሳቸው አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በርጩማ ሳብኩላቸው፤ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩኝ።

በስድሳ ስድስት ዓ.ም. እሳቸውና በርናባስ የሚባል ጓደኛቸው የክረምት ሥራ ሠርተው ያጠራቀሙትን ይዘው አዲስ አበባ ወጡ። ፒያሳ ከአንድ አርመን ሱቅ ሁለት ማንዶሊን፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሳጥን ገዙ። በዓመቱ የቤተ ክርስቲያናቸውን የመጀመሪያ ኳየር ከሌሎች ስድስት ልጆች ጋር መሠረቱ። በርናባስ ተናጋሪና ተወዳጅ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ያኔም ዝምተኛ ነበሩ፤ ማንዶሊኑ ነበር የሚናገርላቸው። እናታቸው ታመው ሐዋሳ አጠገብ ቡሹሎ ሲያስታምሙ፣ ጓሮ እንሰት ሥር ተቀምጠው አንድ መዝሙር ደረሱ። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው። ድምፅ ከመግባቱ በፊት ማንዶሊኑ ብቻውን የሚመታት አንዲት አጭር መግቢያ አለችው። እኔ እስላሙ እንኳን አውቃታለሁ፤ በመናኸሪያ አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት ስትጮህ ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ዘመኑ ተበላሸ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋና የኳየሩ ዕቃ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ይግባ ተባለ። ሁለቱ ጓደኛሞች ማንዶሊኖቻቸውን ይዘው ቡሹሎ ሄዱ። በጋሽ ወልደአማኑኤል እናት ጓሮ ሁለት ባዶ የቆጮ ጉድጓዶች ነበሩ። መቼም ሲዳማው ዋሳ የሚለውን ቆጮ በኮባ ጠቅልለህ መሬት ውስጥ ብትቀብረው ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆይልሃል፤ ሲቆይማ ይብሱን ይጣፍጣል። ቆጮን እንዲህ የሚያቆይ ጉድጓድ ማንዶሊን አያቆይም ብሎ ማን ያስባል? የሌላ አገር ሰው ቢሆን ጣራ ውስጥ ይደብቅ ነበር። የእኛ ሰው ያመነው ጉድጓዱን ነው። በኮባ ጠቅልለው ጎን ለጎን ቀበሯቸውና አፈሩን አብረው ረገጡ።

ወር አልሞላም። በርናባስ ተመልሶ ሄዶ የራሱን ቆፍሮ አወጣና ኪነት ገባ። በዚያው በጓደኛው ዜማ ላይ ስለ ምርት ዘመቻ ቃል ለጥፎበት በየሰልፉ አዘፈነበት። ጋሽ ወልደአማኑኤል ደግሞ «ያንተ ማንዶሊን የት አለ?» ተብለው አራት ወር ታሰሩ፤ ትንፍሽ አላሉም። ሲፈቱ ሥራቸውን ወደ ነገሌ አዛወሩባቸው። የጉድጓዱ ኮምጣጣ ውሃ ሁለት ክረምት ሙሉ ብረቱን ሲበላ ከቆየ በኋላ እናታቸው ማንዶሊኑን አውጥተው ጣራ ሥር ሰቀሉት።

«ኪነት በመግባቱ አልፈርድበትም» አሉኝ። «ዘመን ነው፤ ሰው ይፈራል። እሱን ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ይቅር ያላሉት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በሰማንያ ስድስት ወደ ሐዋሳ ተዛውረው ሲመለሱ፣ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱ እዚሁ መናኸሪያ ውስጥ ከካሴት ቤት መዝሙራቸው ይሰማል። ሻንጣቸውን መሬት ላይ ትተው ገብተው ካሴቱን ገዙ። ሽፋኑ ላይ በርናባስ ማንዶሊን ታቅፎ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ በርናባስ» ይላል።

«ቤቱ ድረስ ሄድኩ» አሉኝ። «ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ወንድሜ፣ መዝሙር የጌታ ነው፤ የእኔ የአንተ የለውም› አለና አቀፈኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ‹የለም፣ የእኔ ነው› ብል ሥጋዊ ሆንኩ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።»

ይህን ሲሉ የባርኔጣቸውን ጠርዝ በሁለት ጣት ያሽከረክሩ ነበር። እኔ ግን በንዴት ጦፍኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሕዝብ መሃል ቆመው የራሳቸውን መዝሙር በሌላ ሰው ስም አብረው ዘመሩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሳቸው ሳሉን ሠላሳ አንድ ዓመት አፍነው ይዘውታል።

ዘንድሮ ኳየሩ ሃምሳ ዓመት ሞላው። የበዓሉ ኮሚቴ ለበርናባስ፣ የዚያ ሁሉ ሰው የሚወደው መዝሙር ደራሲ ናቸው ብሎ፣ ካባ ሊያለብሳቸው ወሰነ።

«መዝሙሩ የጌታ ነው ብሎኝ የለም?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል። «እንግዲያው ካባውንም ለጌታ ያልብሱት።»

ሐሳባቸው ይኸው ነው። በበዓሉ ቀን የቀድሞ ዘማሪዎች አንድ መዝሙርና አጭር ምስክርነት እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል፤ እሳቸውም ስማቸውን አስመዝግበዋል። መጀመሪያ ያችን መግቢያ በዚያው በተፈጠረችበት ማንዶሊን ይመቷታል። ከዚያ ማይኩን ይዘው፣ ካባው ገና ከሰውዬው ትከሻ ሳይወርድ፣ እውነቱን በሕዝብ ፊት ይዘረግፉታል።

«በጊታር ቢመቱትስ?» አልኩ፤ ሥራው አስፈርቶኝ።

«በጊታርማ ማንም ይመታዋል። እኔ የቀበርኩት ይሄ ነው። ምስክሬም ይሄው ነው።»

ቀላሉን ቶሎ ጨረስኩት። የተላቀቀውን እንጨት በኮላ መለስኩ። ክሩ የሚያርፍበትን ድጋፍ ከወይራ ቀረጽኩ፤ ከታች ክሩ የሚታሰርበትን ብረት ከማይዝግ ማንኪያ አበጀሁ። ክሩንም ከጊታር ክር አብቃቃሁ። ቁልፉ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጩ ብሩክ ያለውን የጊታር ቁልፍ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈልኝ፤ የጊታር ሦስት ሦስት ሆኖ ነው ብረቱ ላይ የሚቀመጠው፣ የእኛ አራት አራት። ቆራርጠን እንገጣጥም ብንል አዲስ ቀዳዳ መብሳት ሊኖርብን ነው፤ አሮጌ እንጨት ደግሞ መሰርሰሪያ ሲያይ ይሰነጠቃል። መርካቶ ያለው የአጎቴ ልጅ ሰኢድ «አገኘሁልህ» እያለ ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ላከልኝ። ሦስቱንም በአውቶቡስ መለስኩለት።

ቶርኖ ቤት ያለው ሰይፈሚካኤል እጀ ወርቅ ነው። አንዷን ቁልፍ ከአሮጌ የቧንቧ ነሐስ ቆርጦ ሠራልኝ። ገጥመን ክሩን ስንወጥረው ያዘ፤ ደስ አለን። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጥርሱ እየሸሸ ድምፁ ወረደ።

«የወፍጮ ጥርስ አምጣልኝ፣ የባጃጅ አምጣልኝ» አለኝ ሰይፈሚካኤል እጁን እየጠረገ። «ይሄ የሰዓት ሥራ ነው። ስምንቱን ልሥራ ብል መስቀል ይደርሳል።»

ሰኔ ሊያልቅ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ፤ አይጨቀጭቁም፣ ቆመው ብቻ ያያሉ። እሱ ከጭቅጭቅ ይብሳል። አንድ ቀን ብሩክ ደወለልኝ።

«ኑሪ፣ እንደዚያ ያለ ማንዶሊን ሐዋሳ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ በርናባስ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።»

መቼም ያብረቀርቃል፤ ወር ያልሞላው ቀብር ምን ያደርገዋል? ለጋሽ ወልደአማኑኤል ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት።

«ሂድና ጠይቀው» አሉ። «የእኔ መሆኑን ግን እንዳትነግረው።»

«ከሰጠኝስ?»

«ከሰጠህማ በራሱ ቁልፍ ነዋ የማንቀው!»

ወላሂ፣ ደስታቸው ተጋባብኝ። ልክ ለመለካት ይጠቅመኛል ብዬ ማንዶሊኑን ታቅፌ በማግስቱ ሄድኩ። ጋሽ በርናባስ ሽበታቸው ያማረ፣ ድምፃቸው የሚሞቅ፣ ሰው ሲገባ ከወንበራቸው የሚነሡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ሥራ ይጠይቃል፤ ቢሆንም አልሰነፍኩም። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉጌጥ ሻይ አቀረቡልኝ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አለኝ፣ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ተቸግሬአለሁ አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ማንዶሊኑን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ሆዱን ዳበሱት። ከዚያ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ውስጥ የተለጠፈውን የፋብሪካ ወረቀት የሚያነቡ መሰለኝ።

«ሰውዬው ለመቼ ነው የሚፈልገው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ለሐምሌ አሥራ ሦስት» አልኩ። ምላሴን ልበላት ምንም አልቀረኝ።

«ለሐምሌ አሥራ ሦስት» አሉ ቀስ ብለው። ተነሥተው የራሳቸውን ከግድግዳ አወረዱ። «ፍታው። ስምንቱንም ውሰድለት።»

«ሒሳቡስ ጋሼ?»

«የምን ሒሳብ? ለጌጥ ነው የሰቀልኩት።»

ሸወድኳቸው ብዬ እየሳቅሁ ነው ከቤታቸው የወጣሁት። የሞኝ ሳቅ ነበር።

ከአንድ ሳጥን የወጡ ናቸውና ቁልፎቹ ያለ አንድ አዲስ ቀዳዳ ገጠሙ። ብሎኑ ራሱ አሮጌ ቤቱን አግኝቶ ገባ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በርጩማው ላይ ተቀመጡና ቃኙ። እያንዳንዷን ቁልፍ ሲያጠብቁ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር፤ የሚያጠብቁት ክር ብቻ አይመስልም። ከዚያ መግቢያዋን መቷት። ጣቶቻቸው ደንድነዋል፤ ሁለት ቦታ ተሳሳቱ። ቢሆንም አጠገቤ ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን አስቀምጦ በሬ ላይ መጥቶ ቆመ። ቆጮ ቆጮ በሚሸተው ሱቄ ውስጥ ያ ድምፅ ሲወጣ እኔም ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። «ይበቃል» አሉና በአንሶላቸው ጠቀለሉት።

በቀሩት ቀናት ንግግራቸውን ጻፉ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ እየመጡ ያነቡልኛል። ቀኑ አለ፣ ጉድጓዱ አለ፣ ካሴቱ አለ፣ ያች «የእኔ የአንተ የለውም» የምትለዋ ቃልም አለች። ስድብ ግን አንድ የለበትም። እኔ ሁለት ያህል ላስጨምር ሞክሬ ነበር፤ «አይ ኑሪ፣ እውነት ብቻውን ይበቃዋል» አሉኝ።

እሑድ ሐምሌ አሥራ ሦስት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድምፅ ማጉያውን የማስተካክለው እኔ ነበርኩና ሁሉን ከጎን ሆኜ አየሁት። ጋሽ በርናባስ ካባ ተደረበላቸው፤ እልልታው ጣራውን ነቀነቀው። እኔ በሆዴ «ጠብቅ ብቻ» እላለሁ። ቀጥሎ ጋሽ ወልደአማኑኤል ተጠሩ። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው ተቀመጡ፤ ማይኩን ወደ ማንዶሊኑ አስጠጋሁላቸው። ስቀርብ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ወረቀቱን አየሁት።

መቱት። ያን ቀን አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። ከካሴቱ ላይ ብቻ የሚያውቋትን መግቢያ እውነተኛዋን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሕዝቡ ተነሥቶ ዘመረ። መዝሙሩ ሲያልቅ ጋሽ ወልደአማኑኤል ማንዶሊኑን በግራ እጃቸው ይዘው ተነሡ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ ዘረጉት፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የታፈነ ሳል አሁን ሊወጣ ነው።

«መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» የሚል ድምፅ ከፊት ወንበር ተሰማ። «ከወንድሜ በፊት አንድ ቃል አለኝ።»

ጋሽ በርናባስ ነበሩ። መድረኩ ላይ ወጡና ካባውን ከትከሻቸው አውልቀው መሬት ላይ አኖሩት። ሌላውን ማይክ ያዙ።

«ይህ መዝሙር የእኔ አይደለም» አሉ። «ግጥሙም ዜማውም የወንድሜ የወልደአማኑኤል ነው። ሠላሳ ዓመት በሰው ሥራ ስከበር ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ጌታ በአንድ ሽታ ወቀሰኝ። አብረን የቀበርነው ማንዶሊን ቤቴ ድረስ መጣብኝ።»

ከዚያ አለቀሱ። የማጉያውን ቁልፍ እንደያዝኩ ያኔ ነው የገባኝ። የዚያን ቀን ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብለው የቆዩት ወረቀት እያነበቡ አልነበረም፤ ቆጮውን እያሸተቱ ነው። አብረው ጠቅልለው፣ አብረው አፈሩን ረግጠውት፣ ማን እንደላከኝ እንዴት ይጠፋቸዋል? ቀኑን ደግሞ በገዛ ምላሴ ነገርኳቸው። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ተዘጋጅተውበታል።

አዳራሹ ፈነዳ። ሃሌ ሉያ፣ እልልታ፣ ልቅሶ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ይላል አንዱ። «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ክብር!» ይላል ሌላው። አንድ ሽማግሌ ካባውን ከመሬት አንሥተው መልሰው ደረቡላቸው፣ መጋቢውም እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው። ጋሽ ወልደአማኑኤል የተዘረጋ ወረቀታቸውን እንደያዙ አጠገባቸው ቆመዋል፤ ማንም አያያቸውም። የሚያነቡት ሁሉ ተነቦ አልቋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ትዝ ብሎት «እቀፈው!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ በርናባስም መጥተው ከነካባቸው አቀፏቸው። ማንዶሊኑ በመሃላቸው ተጨፍልቆ አንድ ክር ጮኸ።

መጋቢው ማይኩን ለጋሽ ወልደአማኑኤል አቀረቡላቸው። «ይቅር ብለዋል፣ አይደል አባቴ?»

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሺህ ሰው «አሜን!» አለላቸው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቪዲዮው በየስልኩ ዞሯል፤ ስለ ጋሽ በርናባስ ትሕትና የማያወራ የለም። እሳቸው «ማንዶሊን የመቱት ሽማግሌ» ናቸው።

«መዝሙሬን ወሰደ፤ ዝም አልኩ» አሉ። «አሁን ደግሞ ተራዬን ወሰደው።» ማንዶሊኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ቁልፎቹን ፍታልኝ።»

«ጋሼ፣ ስለ አላህ! ሁለት ወር የለፋንበት ነው። መዝሙሩ እኮ የእርስዎ መሆኑን አገር ሁሉ ሰማ።»

«ፍታ ኑሪ።»

ፈታሁት። ክሩ ረገበ፣ ተጠቀለለ። ስምንቱን ቁልፎች በፌስታል አደረግሁ።

«ውሰድለት። ምንም እንዳትለው። ከጠየቀህ የጠየቀህን ብቻ መልስ።»

ጋሽ በርናባስ ቤት እንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ጌታ ረዳዎት» ሊል መጥቷል። ካባው ሶፋው ጀርባ ላይ ተዘርግቷል። ሲያዩኝ እንደ ልማዳቸው ተነሡ፤ ፊታቸው ያበራል። ፌስታሉን ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩ፣ አንዱን አውጥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። እዚያ ማንዶሊን ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆዩ ቁልፎቹም ቆጮ ቆጮ ይሸታሉ።

«ሌላ ቁልፍ አገኘ?» አሉኝ።

«አላገኘም።»

«ታዲያ በምን ሊጫወት ነው?»

«አይጫወትም።»

ያ ብርሃን ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንግዶቹ ስለ ትላንቱ እያወሩ ይስቃሉ፤ እሳቸው ፌስታሉን ጭናቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ ብቻ ያያሉ።

«ሺህ ሰው ይቅር ብሎኛል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ ጋሼ።»

«እሱስ?»

እትዬ ሙሉጌጥ ያመጡልኝን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣሁና አመስግኜ ወጣሁ። ጋሽ በርናባስ ልሸኝህ ብለው አልተነሡም።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ሱቄ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ቃል በቃል ነገርኳቸው። «እሱስ?» ያሏትን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በስንት ድምፅ እንዳሏትም ጠየቁኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ጠረጴዛዬ ላይ ወደተኛው ባዶ ማንዶሊን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«አሁን ሌላ ቁልፍ መፈለግ ትችላለህ» አሉ። «አትቸኩል።»